የ1966 ሙስታንግን አውቶማቲክ ካምቢዮ በማንዋል መቀየር

ጥያቄ፦ «የ1966 ፎርድ ሙስታንግ ኩፔ አለኝ። ሞተሩ 289 (ኩቢክ ኢንች) ቪ-8፣ ካርቡረተሩ ባለሁለት ጉሮሮ፣ ካምቢዮው ደግሞ ከፋብሪካ የመጣው ባለ3 ማርሽ አውቶማቲክ ሲ-4 ነው። መኪናውን በማንዋል መንዳት እፈልጋለሁ። የዘመኑን ባለ4 ማርሽ ቶፕሎደር ላስገባ ወይስ በኋላ የመጣውን ባለ5 ማርሽ ቲ-5? ሥራውን ከወንድሜ ጋር በቤቴ ጋራዥ ልንወጣው እንችላለን? የመኪናው ዋጋስ አይወርድም?» ከሜሪላንድ

መልስ፦

አጭሩን ላስቀድም። ቲ-5 ያስገቡ፤ ትዕግሥት ካላችሁ በቤት ጋራዥ ይሠራል፤ የዋጋውን ጉዳይ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ካምቢዮ በማውረድና በመስቀል 26 ዓመት ሆኖኛል፤ የመጀመሪያዎቹን አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ አካባቢ፣ የቀሩትን እዚህ ቨርጂኒያ። በዚህ ሁሉ ጊዜ እንደታዘብኩት እንዲህ ያለ ቅያሪ የሚበላሸው ካምቢዮው ውስጥ አይደለም። የሚበላሸው ከካምቢዮው ፊት ባለችው፣ አንድ ክንድ በማትሞላው ቦታ ነው፤ ክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) አልቆ የካምቢዮው ዘንግ በሚጀምርበት መካከል። ቮላኖው (ከክራንኩ ኋላ የሚታሰረው ከባድ ክብ ብረት)፣ ፍሪሲዮኑ፣ ሁለቱን የሚሸፍነው ደወል መሰል ቤት፣ የዘንጉን ጫፍ የምትይዘው ትንሽ የነሐስ ቀለበት ሁሉም እዚያ ናቸው። ሰው ገንዘቡንና ሐሳቡን ካምቢዮው ላይ ያውልና ለእነዚህ ሲደርስ ይቸኩላል። እኔ ግን የምቆየው እዚያ ነው።

መጀመሪያ ምርጫው። ቶፕሎደርን የማልወደው እንዳይመስልዎት። ፎርድ በ1964 ሞዴል ያስጀመረው ይህ ካምቢዮ አካሉ የብረት ቀልጦ፣ ክዳኑ ከላይ የሚከፈት ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከዚያ ነው። ከትልልቆቹ ከ427ና ከ428 ሞተሮች ኋላ ሆኖ የኖረ ስለሆነ የእርስዎ 289 ለእሱ ምንም አይደለም። ነገር ግን አራተኛው ማርሽ ቀጥታ፣ አንድ ለአንድ ነው። ከዚያ በላይ የሚያርፉበት ማርሽ የለም። አሁን ያለው ሲ-4ም ሦስተኛው ማርሽ አንድ ለአንድ ስለሆነ፣ ቶፕሎደር ቢያስገቡ በአውራ ጎዳና ላይ ሞተርዎ የሚጮኸው ዛሬ እንደሚጮኸው ነው። ቲ-5 ግን አምስተኛው ማርሽ 0.68 ነው። ሞተሩ አንድ ሺህ ጊዜ ሲዞር የኋላው ዘንግ አንድ ሺህ አራት መቶ ሰባ ጊዜ ያህል ይዞራል ማለት ነው።

በቁጥር እንየው። በዚህ መኪና ላይ የሚገባ የ14 ኢንች ጎማ ከፍታው 25 ኢንች ተኩል ገደማ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ ጎማው በደቂቃ 820 ጊዜ ያህል ይዞራል። የኋላው ዲፈረንሻል 3.00 ከሆነ፣ ማለትም ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ወደ እሱ የሚሄደው ዘንግ ሦስት ጊዜ የሚዞር ከሆነ፣ በቀጥታ ማርሽ ሞተሩ በደቂቃ 2460 ይዞራል፤ በቲ-5 አምስተኛ ማርሽ ወደ 1670 ይወርዳል። ዲፈረንሻሉ 3.50 ከሆነ በቀጥታ 2870፣ በአምስተኛ 1950 ይሆናል። 2.80 ከሆነ ደግሞ በአምስተኛ 1560 ላይ ያርፋል፤ ይህ ለ289 ዝቅ ያለ ነው። ትንሽ ዳገት ሲመጣ ሞተሩ ማጉረምረም ይጀምራል፤ እርስዎም ወደ አራተኛ መመለስ ይኖርብዎታል።

ስለዚህ ካምቢዮ ከመግዛትዎ በፊት ዲፈረንሻልዎ ስንት እንደሆነ ይወቁ። ዘዴው ቀላል ነው። ማርሹን ዜሮ ላይ አድርገው የፊት ጎማዎቹን በታኮ ይደግፉ፤ የኋላውን ከፍ አድርገው በብረት መቆሚያ ላይ ያሳርፉ። ወንድምዎ አንዱን የኋላ ጎማ አጥብቆ ይያዝ፤ እርስዎ ሌላውን በእጅዎ ሁለት ሙሉ ዙር ያዙሩት፤ የመኪናውን ሆድ ተከትሎ ወደ ኋላ የሚሄደው ረጅም ዘንግ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጋችሁ ስንት ጊዜ እንደዞረ ቁጠሩ። ሦስት ጊዜ ከዞረ 3.00 ነው፤ ሦስት ተኩል ከሆነ 3.50። ይህ የሚሠራው በተራ ዲፈረንሻል ነው፤ ሁለቱን ጎማ እኩል የሚያስር ዓይነት ከሆነ አንዱ ተይዞ ሌላው አይዞርልዎትም። ባለ 8 ኢንች የኋላ አክስል ካለዎት፣ በእርስዎ ዓይነት መኪና የተለመደው እሱ ነው፣ የማርሾቹ ክፍል ከፊት በኩል ተፈትቶ ወጥቶ በሌላ ሊተካ ይችላል። እኔ ለቲ-5 የምመርጠው ከ3.25 እስከ 3.55 ያለውን ነው። 3.00 ካለዎት ግን አሁኑኑ አይቀይሩት፤ በመጀመሪያ ካምቢዮውን ሰቅለው ጥቂት ወራት ይንዱትና ያን ጊዜ ይወስኑ።

የትኛው ቲ-5? በገበያ ላይ «ቲ-5» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አንድ አይደለም። ቦርግ-ዋርነር የሠራው ይህ ካምቢዮ ለአራት ሲሊንደር፣ ለስድስት ሲሊንደርና ለቪ-8፣ ለፎርድም ለሌሎችም ተሠርቷል፤ ከሩቅ ሲያዩት ወንድማማች ይመስላሉ። ለእርስዎ የሚሆነው ከ1985 እስከ 1993 በተሠራ ባለ5 ሊትር ቪ-8 ሙስታንግ ላይ የነበረው ነው። የ1994ና የ1995ቱ የፊት ዘንጋቸው ስለሚረዝም ሌላ ደወል ወይም የዘንግ ቅያሪ ይጠይቃሉ፤ ሻጩ ካልነገረዎት ቤት ገብቶ አልገጥም ሲልዎት ነው የሚያውቁት። በጅራቱ ብሎን ላይ የታሰረች ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለች፤ ቁጥሩ በ1352 ይጀምራል፣ ቀጥሎ ያሉት ሦስት አኃዞች ዓይነቱን ይለያሉ። ሰሌዳው የሌለበትን ካምቢዮ ከማላውቀው ሰው አልገዛም።

ከ1985 ጀምሮ የመጣው «ወርልድ ክላስ» የሚባለው ዓይነት ነው። ፊቱን ዞር አድርገው ሲመለከቱት፣ ከዋናው ዘንግ በታች ባለው ክብ ቀዳዳ ውስጥ የኩሽኔታው ውጫዊ ቀለበት የሚታይ ከሆነ ወርልድ ክላስ ነው፤ በቦታው ጠፍጣፋ የቆርቆሮ ክዳን ካለ የቀድሞው ነው። ይህ ልዩነት ዘይት ስንሞላ እንደገና ይመጣል።

የጥንካሬውን ነገር በግልጽ ልንገርዎት። ፎርድ የእርስዎን 289 ባለሁለት ጉሮሮ 200 የፈረስ ጉልበትና 282 ፓውንድ ፉት ቶርክ (የማዞር ኃይል) ብሎ መዝግቦታል፤ በጊዜው የነበረው አለካክ ሞተሩን ያለ ጭስ ማውጫ ጭነትና ያለ ተጓዳኝ መሣሪያዎች ስለሚለካው በመንገድ ላይ የሚያገኙት ከዚያ ያነሰ ነው። የ1985 እስከ 1989ኙ ቲ-5 ለ265፣ ከ1990 እስከ 1993 ያለው ለ300፣ «ዚ» ተብሎ አዲስ የተሸጠው ለ330 ፓውንድ ፉት ነው የተመደበው። ስለዚህ ለተለመደ መንዳት አይጨነቁ። ቲ-5ን የሚሰብረው ሰፊ፣ አስፋልት የሚነክስ ጎማ ገጥሞ ሞተሩን አስጩኾ ፍሪሲዮኑን በድንገት መልቀቅ ነው። የአሉሚኒየም አካሉ በዚያ ቅጽበት ይሳባል፣ ማርሾቹ እርስ በርስ ይራራቃሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ማርሽ ጥርሱን ይጥላል። ለውድድር የሚያስቡ ከሆነ ቲ-5 የእርስዎ አይደለም። ለመንዳት ከሆነ ግን ከዚህ የሚስማማ አላውቅም።

አሁን ከካምቢዮው ፊት ወዳልኳት ቦታ እንግባ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ደንበኛ በ1966 ኩፔ መጣ፤ ሞተሩ እንደ እርስዎ 289። ሌላ ጋራዥ ውስጥ ቲ-5 ተሰቅሎለት ነበር። «ሁሉ ነገር አዲስ ነው፣ ግን መኪናው ይንቀጠቀጣል» አለኝ። ቆሞ ሳለ ሞተሩን አስነሥቼ እጄን መሪው ላይ አሳረፍኩ። በዝቅተኛ ዙር ደህና ነው። 2000 ሲያልፍ ጣቶቼ ውስጥ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ነገር ተሰማኝ፤ 2500 ሲደርስ በውስጥ መስታወቱ የሚታየው የጋራዡ በር ድርብ ሆነ። ማርሽ አልገባም፣ ጎማ አልዞረም። ስለዚህ ችግሩ ከካምቢዮው ፊት ነው። አወረድነው። ቮላኖው ከለጋሿ መኪና፣ ከ1980ዎቹ ባለ5 ሊትር፣ ከካምቢዮው ጋር የመጣ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። 289ና የመጀመሪያው 302 ክራንክ ሻፍታቸው ለብቻው ሙሉ በሙሉ ሚዛኑን አልጠበቀም። ፎርድ የጎደለውን ክብደት አውጥቶ ከፊት ባለው ፑሊ ዳምፐርና ከኋላ ባለው ቮላኖ ላይ ነው ያስቀመጠው። ለእነዚህ ሞተሮች የተመደበው 28 አውንስ ነው። ከ1982 ወዲህ የተሠሩት ባለ5 ሊትሮች ግን ክራንካቸው ስለተለወጠ 50 አውንስ ሆኑ። ክፉው ነገር የ50ውም ቮላኖ በእነዚያው ስድስት ብሎኖች፣ ያለ ምንም መገፋፋት በ289 ላይ ቁጭ ማለቱ ነው። መግጠሙ ትክክል መሆኑን አያሳይም። ያን ሰው ቮላኖውን በ28 አውንስ ቀየርንለትና ያው ካምቢዮ፣ ያው ፍሪሲዮን ተመልሶ ገባ፤ ንዝረቱ ጠፋ። በሰዓቱ ባይታይ ኖሮ የሚበላው የክራንኩን ዋና ኩሽኔታዎች ነበር።

ስለዚህ ለጋሽ መኪና ላይ ያለውን «ሙሉ ዕቃ» ቢሸጡልዎትም ቮላኖውን አይጠቀሙበት። 28 አውንስ፣ 157 ጥርስ፣ አዲስ ይግዙ። 164 ጥርስ ያለውም አለ፤ እሱ ግን ትልቅ ደወል ይፈልጋል። ቮላኖ፣ ደወል፣ በሁለቱ መካከል የሚገባው ቀጭን የብረት ሰሌዳና ሞተሪኖ አራቱም አንድ ቤተሰብ መሆን አለባቸው። የአውቶማቲክና የማንዋል ሞተሪኖ አንድ ስላልሆነ አሁን ያለውን መልሰው እጠቀምበታለሁ ብለው አያስቡ፤ ጥርሱ ቮላኖውን በትክክል ሳይነክስ ይፈጫል። ቮላኖውን የሚያስሩት ብሎኖች ቀዳዳቸው እስከ ሞተር ዘይቱ ድረስ ይዘልቃል፤ በጥርሳቸው ላይ የማያፈስ ማሸጊያ ቀብተው በቶርክ ቁልፍ ከ75 እስከ 85 ፓውንድ ፉት ያጥብቋቸው። ማሸጊያውን የረሳ ሰው ከወር በኋላ ፍሪሲዮኑ በዘይት ረጥቦ ሲንሸራተት ያገኘዋል፣ ከዚያም ጥፋቱን በፓራኦሊዮው (የክራንኩን ጫፍ ከቦ ዘይት እንዳይወጣ በሚያግደው ጎማ) ላይ ያሳብባል። ፓራኦሊዮውንም አሁኑኑ ይመልከቱት፤ ዘይት የሚያስተፋ ከሆነ ሁሉም ተከፍቶ ሳለ ነው የሚቀየረው።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ፤ የደወሉ መሃል። ደወሉ ሞተሩ ላይ በሁለት የብረት ካስማዎች ተመርቶ ይቀመጣል፤ ካምቢዮው ደግሞ በደወሉ መካከል ባለው ትልቅ ክብ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። የዚያ ቀዳዳ መሃልና የክራንኩ መሃል አንድ መስመር ላይ መሆን አለባቸው። አዲስ ደወል ስለገዙ ልክ ነው ማለት አይደለም፤ የሞተሩ ብሎክም የራሱ መዛነፍ ይኖረዋል።

የምንለካው እንዲህ ነው። ቮላኖው ታስሮ፣ ፍሪሲዮኑ ገና ሳይገባ፣ ደወሉን ብቻ ያስሩ። ሰዓት የሚመስለውን መለኪያ በማግኔት እግሩ ቮላኖው ላይ ይትከሉትና ጫፉን የቀዳዳው የውስጥ ከንፈር ላይ ያሳርፉት። ካንዴላዎቹን በሙሉ ያውጡ፤ ያለዚያ ሞተሩ እየታመቀ በእጅ በእርጋታ አይዞርልዎትም። ወንድምዎ ከፊት በኩል በቁልፍ ቀስ አድርጎ ያዙር፤ እርስዎ መርፌውን ይከታተሉ። በአንድ ሙሉ ዙር ውስጥ መርፌው ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው የሚጓዘው ከ0.005 ኢንች መብለጥ የለበትም። በሰው የፀጉር ዘለላ ውፍረት አካባቢ ያለ ነገር ነው። በቅርቡ የለካሁት አንዱ 0.014 አሳየኝ። መሃሉ የዛነፈው የዚያ ግማሽ፣ 0.007 ኢንች ነው። ለዚህ የሚሆኑ ጭንቅላታቸው ከግንዳቸው የተዛነፈ ካስማዎች ይሸጣሉ፤ በ0.007፣ በ0.014 እና በ0.021 መጠን። የቀድሞዎቹን አውጥቼ የ0.007ቱን አስገባሁና መዛነፋቸውን ወደሚፈለገው አቅጣጫ አዞርኩ፤ ደወሉን አስሬ ለካሁ፣ አልሆነም፤ ፈትቼ ትንሽ አዞርኩ፣ እንደገና ለካሁ። በአራተኛው መርፌው 0.003 ላይ ቆመ። አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ወስዶብኛል። ይህንን ያልሠራ ሰው ማርሽ ሲያስገባ የሚያንቋርር፣ ሲሞቅ የማይገባ፣ የፊት ኩሽኔታው ቶሎ ቶሎ የሚያልቅ ካምቢዮ ይገጥመዋል፤ ካምቢዮውን አሮጌ ነው ብሎ ይከሳል፣ ሌላ ይገዛል፣ ሌላውም እንዲያው ይሆናል።

ከክራንኩ ኋላ መሃል ላይ የነሐስ ቀለበት መግባት አለባት፤ የካምቢዮው ዘንግ ጫፍ የሚያርፍባት። አውቶማቲክ መኪና እሷን ስለማይፈልጋት የእርስዎ ሞተር ላይ የለችም። በጥቂት ብር የምትገዛ ዕቃ ናት፤ ረስተዋት ካምቢዮውን ከሰቀሉ ግን መልሰው ያወርዱታል።

ፍሪሲዮኑ ባለ10 ተኩል ኢንች ዲስክ፣ መሃሉ 10 ጥርስ፣ ስፋቱ አንድ ኢንች ከአሥራ ስድስተኛ ይሁን። ፕሬሸር ፕሌቱ (ዲስኩን ቮላኖው ላይ የሚጫነው ክፍል) ጣት ያለውን የድሮውን ዓይነት ሳይሆን ዲያፍራም ያለውን እመርጣለሁ፤ ለእግር ይቀላል። ለውድድር የተሠራ ጠንካራ ሞላ አይግዙ። 289ኙ አይፈልገውም፣ ግራ እግርዎም በየትራፊክ መብራቱ ይማረራል።

ወደ ፔዳሉ እንምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሐሳብ አለ፤ የኔን ልንገርዎት። ሦስት መንገድ አለ፦ ፋብሪካው ይጠቀምበት የነበረው በዘንግና በተጠማዘዘ ክንድ የሚሠራው፣ በኬብል የሚሠራው፣ በዘይት ግፊት የሚሠራው። ለእርስዎ መኪና የመጀመሪያውን እመክራለሁ። በ1966 ብሎክዎ ላይ የክንዱ መመሥረቻ የሚታሰርበት ቀዳዳ ዝግጁ ነው፤ ዕቃውም በአዲስ መልክ ተሠርቶ ይገኛል፤ ቢበላሽ ዓይን አይቶ የሚረዳው ነገር ነው። ጉዳቱ ማሰሪያዎቹ ሲያረጁ ፔዳሉ የሚልፈሰፈስ መሆኑ ነው፤ በአዳዲስ ቀለበቶች ይጀምሩ፣ የፔዳሉ ዘንግም በናይለን ምትክ በኩሽኔታ የሚዞርበትን ዓይነት ያስገቡ። ሞተርዎ ላይ የጭስ ማውጫ ረጃጅም ቱቦዎች ተገጥመው ከሆነ ግን ክንዱን ሊነኩት ስለሚችሉ አስቀድመው ይለኩ፤ ቦታ ከሌለ በዘይት ግፊት የሚሠራው ይሻላል። ኬብሉን ያስጠላኝ የሚጎትተው ኃይል ሁሉ በሞተሩና በመቀመጫው መካከል ባለው ቀጭን ላሜራ ላይ ማረፉ ነው፤ ያለ ማጠናከሪያ ሲሰነጣጠቅ አይቻለሁ።

ፔዳሎቹን አውጥታችሁ ሳለ አንድ ነገር አደራ። የ1966 ሙስታንግ የፍሬን ዘይቱ በአንድ ክፍል ብቻ ነው ያለው፤ አንድ ቱቦ ከተበጣ አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል። በ1967 ሞዴል ነው በሁለት የተከፈለው። ባለሁለት ክፍሉን ለ1966 የሚሆን ቅያሪ ማግኘት ይቻላል። ለካምቢዮ ይህን ያህል የሚያወጣ ሰው ይህን ሳያደርግ ከጋራዥ ባይወጣ ደስ ይለኛል።

ሲ-4ቱ ሲወርድ የሚተዋቸው ነገሮች አሉ። ከራዲያተሩ የሚመጡትን ሁለት የማቀዝቀዣ ቱቦዎች ያውጡና አፎቻቸውን በተገቢው ብሎን ይድፈኑ። ከኢንቴክ ማኒፎልዱ (ካርቡረተሩ ከተቀመጠበት የአየር ማስገቢያ) ወደ ካምቢዮው የሚሄደውን ቀጭን የአየር ቱቦ ይዝጉት፤ ክፍት ከተተወ ሞተሩ አየር እየሳበ ሥራ ፈትቶ ሲቆም ይንተፋተፋል። ከካርቡረተሩ ወደ ካምቢዮው የሚወርደውን ዘንግ ያውልቁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሽቦው፦ ከማስነሻ ቁልፉ ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው መስመር በአውቶማቲኩ መቆጣጠሪያ በኩል ያልፋል፤ መኪናው ማርሽ ላይ ሆኖ እንዳይነሣ የሚከለክለው እሱ ነው። ካምቢዮው ሲወጣ ብዙዎች ሁለቱን ጫፍ ጠምዝዘው ያገናኙታል። ያን ጊዜ ልጅ ቁልፉን ቢያዞረው መኪናው ማርሽ ላይ ሆኖ ወደ ፊት ይዘላል። በፍሪሲዮን ፔዳሉ ላይ ትንሽ ማብሪያ ያስገጥሙና መስመሩ በእሱ በኩል ይለፍ። ወደ ኋላ ሲሄዱ የሚበራውን መብራት ከቲ-5ቱ የኋላ ማርሽ ማብሪያ ጋር ያገናኙት።

ስለ መስቀሉ። ሲ-4ቱ ከቶርክ ኮንቨርተሩ (በአውቶማቲክ በፍሪሲዮን ፋንታ ከሚሠራው ዘይት የሞላበት ክፍል) እና ከዘይቱ ጋር ከ60 ኪሎ ግራም ያልፋል፤ የካምቢዮ ክሪክ ተከራይተው ያውርዱት፣ በደረት ላይ አያውርዱት። ቲ-5 ግን 34 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሆነ ለሁለት ሰው ይቻላል። መኪናው በአራት ብረት መቆሚያ ላይ ይሁን፤ በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ከታችኞቹ ሁለት ቀዳዳዎች ላይ ጭንቅላታቸው የተቆረጠ ሁለት ረጃጅም ብሎኖች እንደ መሪ ያስገቡ። ካምቢዮውን አራተኛ ማርሽ ላይ አድርገው በመሪዎቹ ላይ ያንሸራቱት፤ የጅራቱን ዘንግ በእጅ ትንሽ ሲያዞሩት የፊቱ ጥርስ ዲስኩን ያገኛል። የመጨረሻዋ ግማሽ ኢንች እምቢ ካለች ብሎን አጥብቆ መሳብ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። የአሉሚኒየሙ ጆሮ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። ያውጡት፣ ዲስኩን እንደገና ያስተካክሉ፣ ደግመው ይሞክሩ። የገባ ዕለት ያለ ኃይል ይገባል።

የሚያስደስት ዜናም አለ። የሲ-4ቱ የጅራት ዘንግ 28 ጥርስ ነው፣ የቲ-5ቱም 28 ጥርስ ነው፤ ስለዚህ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግዎ አብዛኛውን ጊዜ ሳይቆረጥ ይመለሳል። ሲገጥሙት እስከ መጨረሻ ገፍተው ከዚያ ከሦስት አራተኛ እስከ አንድ ኢንች መመለሻ ቦታ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ክሮቼራዎቹንም (በዘንጉ ጫፎች ያሉትን መስቀል መሰል መገጣጠሚያዎች) በዚሁ ይቀይሩ። የካምቢዮውን መደገፊያ ድልድይ ለ1966 ሙስታንግና ለቲ-5 ተብሎ የተሠራውን ይግዙ። የፍጥነት መለኪያውን ኬብል የሚያዞረው ትንሽ ፕላስቲክ ማርሽ በጥርስ ብዛት ስለሚለያይ ዲፈረንሻልዎን አይተው ይምረጡት። የወለሉን ቀዳዳ ደግሞ ካምቢዮው ተሰቅሎ የማርሽ ዘንጉ የት እንደሚወጣ በዓይን ሳይታይ አይቁረጡት።

ዘይቱ። ወርልድ ክላስ ከሆነ የሚፈልገው ለአውቶማቲክ የሚሆነውን ቀዩን ቀጭን ዘይት ነው፤ ሁለት ሊትር ከስድስት መቶ ገደማ ይገባል። ወፍራም የማርሽ ዘይት የሞላ ሰው ሲንክሮናይዘሮቹ (ማርሽ ሲገባ ፍጥነቱን የሚያስማሙት ቀለበቶች) ላይ የተለጠፈውን ሽፋን ያበላሻል፤ ጠዋት ብርድ ሲሆን ሁለተኛ ማርሽ አልገባም ማለት ይጀምራል።

ሁሉም ዕቃ አስቀድሞ በእጃችሁ ካለ ለሁለት ሰው አራት ቀን ይበቃል፤ ከዚያ ውስጥ አንዱ ቀን የደወሉ መለካት ነው። ዕቃ ሳይሟላ ሲ-4ቱን አታውርዱ። አንድ የጎደለች ማሰሪያ መኪናውን ለሦስት ወር ጋራዥ ውስጥ ስታስቆም አይቻለሁ። ከተነሣ በኋላ የመጀመሪያዎቹን 800 ኪሎ ሜትር በከተማ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ፍሪሲዮን እየረገጡ ይንዱት፤ ዲስኩና ቮላኖው የሚተዋወቁት በዚያ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ የፔዳሉን ነፃ ጉዞ ደግመው ያስተካክሉ፤ መለወጡ አይቀርም።

ዋጋውን በተመለከተ፦ በሻንሲ ቁጥርዎ ላይ አምስተኛውን ምልክት ይመልከቱ። «ሲ» ከሆነ እንደጻፉልኝ ባለሁለት ጉሮሮው ነው። በ1966 ሞዴል ፎርድ ከ600 ሺህ በላይ ሙስታንግ ሠርቷል፤ ወደ 500 ሺህ የሚጠጉት እንደ እርስዎ ያሉ ኩፔዎች ናቸው። በደንብ የተሠራ ባለ5 ማርሽ እንዲህ ያለውን መኪና ብዙ ገዢ ይወደዋል። ምልክቱ «ኬ» ሆኖ ቢገኝ ግን፣ ያ 271 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ስለሆነ፣ ከመንካትዎ በፊት ቆም ይበሉ፤ የዚያ መኪና ዋጋ ያለው ከፋብሪካ እንደወጣ በመቆየቱ ነው።

የትኛውም ይሁን፣ ሲ-4ቱን አይሽጡት። ዘይቱን አፍስሰው፣ አፎቹን ደፍነው፣ ቶርክ ኮንቨርተሩን፣ ቱቦዎቹን፣ ከካርቡረተሩ የወለቀውን ዘንግና የድሮውን ሞተሪኖ አብረው በአንድ ሣጥን ያስቀምጡ። ብሎኖቹን በከረጢት ከፋፍለው ከየት እንደወጡ ይጻፉባቸው። ሣጥኑ ላይ የመኪናውን የሻንሲ ቁጥር በደማቅ ቀለም ይጻፉና ከፍ ካለ መደርደሪያ ላይ ያኑሩት።